የማይነበበው ኤስኤስዲ፦ የአንድ ኤም.2 ድራይቭና የተገጠመበት ማዘርቦርድ ግምገማ

ለዚህ ግምገማ የቀረቡት ዕቃዎች ሁለት ናቸው። አንደኛው በኤም.2 ቅርጽ፣ ማለትም በቦርዱ ላይ በቀጥታ እንደሚሰካ ቀጭን ካርድ የተሠራ ባለ 1 ቴራባይት የኤንቪኤምኢ ኤስኤስዲ (ፈጣን የመረጃ ማከማቻ) ሲሆን፣ መረጃ የሚያመላልስባቸው መስመሮች ፒሲአይኢ 4.0 ባለ 4 መስመር መሆናቸውና በሰከንድ እስከ 7,000 ሜጋባይት ማንበብ እንደሚችል በሳጥኑ ላይ ተጽፎበታል። ሁለተኛው ድራይቩ የተገጠመበት፣ ቢ560 ቺፕሴት (የቦርዱን ግንኙነቶች የሚያስተዳድር ቺፕ) ያለው ማዘርቦርድ ነው። ሁለቱን ለየብቻ መገምገም ይቻል ነበር፤ ነገር ግን አዲስ በተገጣጠመ ኮምፒውተር ላይ ኤስኤስዲ አልነበብ ሲል ብዙ ሰው የሚጠረጥረው ድራይቩን ስለሆነና እዚህ ግን ጥፋቱ የቦርዱ ሆኖ ስላገኘሁት፣ አንድ ላይ ማየቱን መረጥሁ። የአምራቾቹን ስም አላነሳም፤ የምተቸው ነገር በሌሎች አምራቾች ቦርዶች ላይም የሚገኝ ነው። ፍርዴን ከወዲሁ ለመናገር ያህል፣ ድራይቩ ጥሩ ዕቃ ነው፣ ቦርዱም በአሠራሩ ጠንካራ ነው፣ የቦርዱ መመሪያና ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲከፈት መጀመሪያ የሚነሳው የቦርዱ ፕሮግራም) ግን ለገዢው መናገር የሚገባቸውን አይናገሩም።

ኮምፒውተሩ የተገጣጠመው በኢንቴል 10ኛ ትውልድ ኮር አይ5 ፕሮሰሰር ነው። ቦርዱ ይህን ፕሮሰሰር እንደሚቀበል በሳጥኑ ላይ በጉልህ የተጻፈ ሲሆን፣ ፕሮሰሰሩ የሚቀመጥበት ሶኬትም ኤልጂኤ 1200 በመሆኑ 10ኛውንም 11ኛውንም ትውልድ ያስተናግዳል። ኤስኤስዲው ለፕሮሰሰሩ ቅርብ በሆነውና ሂትሲንክ (ሙቀት የሚያስወጣ ብረት) በተገጠመለት የመጀመሪያው የኤም.2 ስሎት (መሰኪያ) ላይ ገባ፣ ኮምፒውተሩ ተከፈተ፣ ባዮሱም ወጣ። የፕሮሰሰሩ ስም፣ የራሙ መጠንና ፍጥነት፣ የማራገቢያዎቹ ዙር ሁሉም በቦታቸው ይታያሉ። ማከማቻዎች በሚዘረዘሩበት ገጽ ላይ ግን ከመጀመሪያው ስሎት ትይዩ የተጻፈው ምንም ነገር እንዳልተገጠመ የሚገልጽ ነበር።

ኤስኤስዲው አይነበብም ሲባል ቢያንስ አራት የተለያዩ ሁኔታዎች በአንድ ስም ይጠራሉ፤ ምርመራው ፈር የሚይዘውም እነዚህ ሲለዩ ነው። ባዮሱ ራሱ ድራይቩን ጨርሶ የማያየው ከሆነ ችግሩ ያለው በአገጣጠሙ፣ በስሎቱ፣ በመስመሮቹ ወይም በድራይቩ አካል ላይ ነው። ባዮሱ በማከማቻ ዝርዝሩ ላይ እያሳየው በማስነሻ ዝርዝሩ ላይ ብቻ ከሌለ፣ አብዛኛውን ጊዜ የተበላሸ ነገር የለም። ባዮሱ አይቶት የዊንዶውስ መጫኛው ካላየው ብዙ ጊዜ የጎደለው ድራይቨር፣ ማለትም ዕቃውን ለዊንዶውስ የሚያስተዋውቀው ትንሽ ፕሮግራም ነው። ዊንዶውስ በሚሠራበት ኮምፒውተር ላይ በተጨማሪነት የተገጠመ አዲስ ድራይቭ ፋይሎች በሚታዩበት መስኮት ካልወጣ ደግሞ፣ ዲስኩ ገና አልተዘጋጀም ማለት ነው። እነዚህን ሳይለይ ባዮስ የሚያድስ፣ የመጫኛ ፍላሹን ደጋግሞ የሚሠራ፣ በመጨረሻም ደህናውን ዕቃ ለሻጩ የሚመልስ ሰው ጥቂት አይደለም፤ ሻጩም ዕቃውን በሌላ ኮምፒውተር ላይ ሞክሮ ምንም እንዳልሆነ ነግሮ ይመልስለታል።

በዚህ ኮምፒውተር ላይ የገጠመው የመጀመሪያው ዓይነት ነበርና ምርመራው ከአገጣጠሙ ተጀመረ። ኤም.2 ድራይቭ ኮምፒውተሩ እየሠራ የሚነቀልና የሚሰካ አይደለም፤ ኮምፒውተሩ መጥፋት፣ የኤሌክትሪክ ገመዱ መነቀል፣ በቦርዱ ላይ የምትበራ ትንሽ መብራት ካለችም እስክትጠፋ መጠበቅ አለበት። ድራይቩ ወደ ስሎቱ የሚገባው ወደ 30 ዲግሪ ገደማ ቀና ብሎ ነው። እስከ መጨረሻው ሲገባ ወርቃማዎቹ የመገናኛ ጥርሶች ከዓይን ይሰወራሉ፣ ወይም ከጠርዛቸው በጣም ቀጭን መስመር ብቻ ይቀራል፤ እጅ ሲለቀውም ድራይቩ ተጋድሞ አይቀርም፣ በስሎቱ ጉልበት ቀና እንዳለ ይቆማል። ከዚያ ጫፉን በጣት ዝቅ አድርጎ በብሎን ማሰር ነው። ድራይቩ ጥቂት ወደ ኋላ ከቀረ አንዳንዱ ጥርስ ይነካል፣ አንዳንዱ አይነካም፤ ውጤቱም አንድ ቀን የሚነበብ፣ ሌላ ቀን የሚጠፋ፣ ኮምፒውተሩ ሲንቀሳቀስ የሚመለስ ድራይቭ ይሆናል። እንዲህ ያለ አንዴ መጥቶ አንዴ የሚጠፋ ችግር ሲያጋጥም ከሁሉም በፊት አገጣጠሙን መጠርጠር ይገባል።

የብሎኑ ማቆሚያም እንደ ቀላል ነገር መታየት የለበትም። በስፋት የሚሸጠው የኤም.2 መጠን 2280 ሲሆን፣ ቁጥሩ 22 ሚሊሜትር ስፋትና 80 ሚሊሜትር ርዝመት ማለት ነው። በቦርዱ ላይ ግን ለአጫጭርና ለረዣዥም ድራይቮች ጭምር በተለያየ ርቀት የተበሱ ቀዳዳዎች አሉ፤ ትንሿ የናስ ማቆሚያም በ80ው ቀዳዳ ላይ መተከል አለባት። ማቆሚያዋ ጨርሶ ካልተተከለች ብሎኑ ድራይቩን ወደ ቦርዱ ስቦ ያጎብጠዋል፣ ጥርሶቹም ከስሎቱ ውስጥ ያዘነብላሉ። በ60ው ቀዳዳ ላይ ከተረሳች ደግሞ ከድራይቩ ሆድ ሥር ትገባና፣ በሁለቱም ገጽ ቺፕ ያለው ድራይቭ ከሆነ ቺፑን ልትጫነው ትችላለች። የዚህ ቦርድ አምራች ለመጀመሪያው ስሎት ያለ ካቻቢቴ የሚዘጋ የፕላስቲክ መቆለፊያ ማድረጉ የሚመሰገን ነው፤ በጣት ዞር ሲደረግ ድራይቩን ይይዛል፣ የሚጠፋ ብሎንም የለውም። ለሁለተኛው ስሎት ግን ይህንኑ ነፍጎታል። ብሎኗ ከሌሎች ዕቃዎች ጋር በአንድ ትንሽ ከረጢት ውስጥ ተጥላለች፣ የድራይቩ ሳጥንም ተለዋጭ ብሎን የለውም። በሂትሲንኩ ሥር ባለው ሙቀት አስተላላፊ ንጣፍ ላይ የተለጠፈው ስስ ላስቲክ መላጥ እንዳለበት ግን በላስቲኩ ላይ ራሱ ተጽፏል፤ መላጡ ቢረሳ ድራይቩ ይሞቃል እንጂ ከባዮስ አይጠፋም።

ድራይቩ በትክክል ገብቷል፣ መቆለፊያውም ተዘግቷል፣ ባዮሱ ግን አሁንም አላየውም። ምክንያቱ የተገኘው በመመሪያው ውስጥ የማከማቻ ስሎቶች ከተዘረዘሩበት ሰንጠረዥ ግርጌ፣ ከሌላው ጽሑፍ ባነሰ ፊደል በታተመች አንዲት መስመር ላይ ነው፤ የመጀመሪያው ስሎት የሚሠራው ከ11ኛ ትውልድ ፕሮሰሰር ጋር ብቻ ነው ትላለች። ሳጥኑ ላይ ይህ የለም። በቦርዱ ላይ ከስሎቱ አጠገብ በታተመው ነጭ ጽሑፍም የለም። በባዮሱ ውስጥም የለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የኤንቪኤምኢ ድራይቭ ከኮምፒውተሩ ጋር የሚገናኘው ሌን በሚባሉ የፒሲአይኢ መስመሮች ሲሆን፣ ለአንድ ድራይቭ እስከ 4 መስመር ይመደብለታል። መስመሮቹ የሚመጡት ከሁለት ቦታ ነው፤ ወይ በቀጥታ ከፕሮሰሰሩ ወይ ከቺፕሴቱ። የኢንቴል 10ኛ ትውልድ የዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮች ያላቸው 16 መስመር ብቻ ነው፣ እነርሱም ለግራፊክስ ካርዱ ስሎት የተያዙ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው 11ኛው ትውልድ ግን መስመሮቹን ወደ 20 አሳደገ፣ ፍጥነታቸውንም ከፒሲአይኢ 3.0 ወደ 4.0 ከፍ አደረገ፤ የተጨመሩት 4 መስመሮችም ለአንድ ኤም.2 ድራይቭ የታሰቡ ነበሩ። በዚያው ዓመት የወጡት ባለ 500 ተከታታይ ቺፕሴት ቦርዶች የመጀመሪያውን ስሎት በብዛት ከእነዚህ 4 መስመሮች ጋር አያያዙት። እንግዲህ በዚያው ሶኬት ላይ 10ኛ ትውልድ ፕሮሰሰር ሲቀመጥ ሌላው ሁሉ ይሠራል፣ ያ ስሎት ግን በወዲያኛው ጫፉ ከምንም ጋር ያልተገናኘ ሆኖ ይቀራል። ድራይቩን ደጋግሞ ነቅሎ መክተትም ሆነ ባዮሱን ማደስ ይህን አይለውጠውም። ፕሮሰሰሩ የወጣበትን ዓመት አይቶ መገመትም ያሳስታል፤ ኮር አይ3 10105 ለገበያ የቀረበው ከ11ኛው ትውልድ ጋር በአንድ ዓመት ቢሆንም፣ ስሙ እንደሚያመለክተው የ10ኛው ነው።

ይህ የኢንቴል ብቻ ጉዳይ አይደለም። በኤኤምዲ ኤኤም5 ሶኬት ላይም ራይዘን 5 8500ጂን የመሳሰሉ ፕሮሰሰሮች ከሌሎቹ ያነሱ መስመሮች ስላሏቸው፣ በአንዳንድ ቦርዶች ላይ አንዱ የኤም.2 ስሎት ሊዘጋ ወይም በ2 መስመር ብቻ ሊሠራ ይችላል። ስለዚህ ቦርዱ ፕሮሰሰሩን ይቀበላል ማለት ሁሉም ስሎቶች በዚያ ፕሮሰሰር ይሠራሉ ማለት እንዳልሆነ ገዢው ሊያውቅ ይገባል፤ ለዚህም ቦርዱን ከመግዛት በፊት መመሪያውን ከአምራቹ ድረ ገጽ አውርዶ የማከማቻውን ገጽ ከነግርጌ ማስታወሻው ማንበብ ያስፈልጋል።

ቦርዱን የምወቅሰው መስመር ስላነሰው አይደለም፤ መስመሩ የፕሮሰሰሩ ነው። የምወቅሰው ዝም በማለቱ ነው። ባዮሱ የተቀመጠበትን ፕሮሰሰር ስምና ሞዴል ጠንቅቆ ያውቃል፤ ይህንኑ በመጀመሪያው ገጽ ላይ በትልቅ ፊደል ያሳያል። የመጀመሪያው ስሎት በዚህ ፕሮሰሰር እንደማይሠራም ያውቃል። እያወቀ ግን፣ ድራይቭ ባልተገጠመበት ስሎት ላይ የሚጽፈውን ያንኑ ጽሑፍ እዚህም ይጽፋል። ስሎቱ ከዚህ ፕሮሰሰር ጋር አይሠራም የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ብትጨመር ስንት ሰው ከስንት ሰዓት ልፋት ይድን ነበር። ለመብራት ቀለም መቀያየሪያ አንድ ሙሉ ገጽ በባዮሱ ውስጥ የተመደበ መሆኑን ሳይ ደግሞ ነገሩ ይብስብኛል። በአጠቃቀሙ ለቦርዱ ዝቅ ያለ ግምት የሰጠሁት በዚህ ምክንያት ነው።

ድራይቩ ከቺፕሴቱ መስመር በሚያገኘው በሁለተኛው ስሎት ላይ ሲገጠም ባዮሱ ወዲያው አነበበው፤ ሞዴሉና መጠኑም በማከማቻ ገጹ ላይ ወጡ። እዚህ ላይ ግን ሁለተኛው ግራ መጋባት ይመጣል፤ በማስነሻ ቅደም ተከተል ዝርዝሩ ላይ የመጫኛው ፍላሽ ብቻ አለ፣ ኤስኤስዲው የለም። ይህ ብዙዎችን ያስደነግጣል፣ ነገር ግን ሊሆን የሚገባው ነው። ዩኢኤፍአይ የሚባለው የዛሬው የባዮስ አሠራር በማስነሻ ዝርዝሩ ላይ የሚያስቀምጠው በአብዛኛው ማስነሻ ፋይል ያለበትን ዲስክ ነው። ከሳጥኑ የወጣ ኤስኤስዲ ባዶ ስለሆነ የሚያስነሳው ነገር የለውም። ዊንዶውስ ሲጫንበት ትንሽ የማስነሻ ፓርቲሽን (የዲስክ ክፍል) ይፈጠርለታል፣ በዝርዝሩም ላይ የዊንዶውስ ማስነሻ ሆኖ ይገባል። ስለዚህ የሚታየው የማስነሻ ዝርዝሩ ሳይሆን የማከማቻ ወይም የኤንቪኤምኢ ዝርዝሩ ነው፤ እዚያ ካለ ወደ መጫኑ መሄድ ነው።

ሲኤስኤም የሚባለው፣ ለድሮ ሲስተሞች ተብሎ የተቀመጠው ምርጫ መዘጋት እንዳለበትም እግረ መንገዴን ልጥቀስ። ምርጫው በርቶ ፍላሹ በድሮው መንገድ ከተነሳ፣ መጫኛው ዲስኩን ኤምቢአር በሚባለው በድሮው የዲስክ አከፋፈል ከፋፍሎ ሊጭን ይሞክራል፤ በኋላ ወደ ዩኢኤፍአይ ሲመለስ ያ ዲስክ አይነሳም። በተቃራኒው በዩኢኤፍአይ የተነሳ መጫኛ ቀድሞ በኤምቢአር የተከፋፈለ ዲስክ ካገኘ፣ ዲስኩን እያየው በዚህ ላይ መጫን አይቻልም ይላል። መፍትሔው ጂፒቲ የሚባለው አዲሱ አከፋፈል ነው፤ ባዶ ዲስክ ከሆነ በመጫኛው ውስጥ የዚያን ዲስክ ፓርቲሽኖች በሙሉ አጥፍቶ ባዶው ቦታ ላይ መቀጠል ይበቃል። መረጃ ያለበት ዲስክ ከሆነ ግን ይህን ማድረግ መረጃውን ማጥፋት ነው። ዊንዶውስ 7ን በኤንቪኤምኢ ላይ ለመጫን የሚፈልግ ካለም፣ መጫኛው ለኤንቪኤምኢ የሚሆን ድራይቨር ስለሌለው ተጨምሮለት ካልተሠራ በቀር ድራይቩን አያየውም፤ ከዊንዶውስ 8.1 ጀምሮ ያሉት ግን በራሳቸው ያውቁታል።

ባዮሱ እያየው የዊንዶውስ 10 ወይም 11 መጫኛ ምንም ድራይቭ አላገኘሁም የሚልበት ሁኔታ በዚህ ኮምፒውተር ላይ አልደረሰም፤ ሆኖም በኢንቴል 11ኛ ትውልድና ከዚያ በኋላ በመጡ ኮምፒውተሮች ላይ፣ በተለይም በላፕቶፖች ላይ በብዛት ስለሚታይ ሳልነካው ላልፍ አልወደድሁም። ቪኤምዲ የሚባለው የኢንቴል አሠራር ሲበራ የኤንቪኤምኢ ድራይቮች ከራሱ መቆጣጠሪያ ጀርባ ስለሚሆኑ፣ ትክክለኛው የኢንቴል ራፒድ ስቶሬጅ ድራይቨር የሌለው መጫኛ አያያቸውም። መንገዱ ሁለት ነው። አንዱ ድራይቨሩን ከቦርዱ አምራች ድረ ገጽ አውርዶ፣ ፈትቶ፣ በመጫኛው ፍላሽ ላይ በመገልበጥ ዲስክ በሚመረጥበት ገጽ ላይ ሎድ ድራይቨር በሚለው ምርጫ መጫን ነው። ፋይሉ ታሽጎ ከተቀመጠ መጫኛው አያገኘውምና መፈታቱ መረሳት የለበትም። ሌላው ቪኤምዲን ከባዮሱ መዝጋት ሲሆን፣ ራይድ (ብዙ ዲስኮችን አጣምሮ የሚያሠራ ዘዴ) ለማይጠቀም ሰው ይህ ይቀላል። ነገር ግን መዘጋት ያለበት ዊንዶውስ ከመጫኑ በፊት ነው፤ ከተጫነ በኋላ ያለ ዝግጅት የተቀየረ እንደሆነ ዊንዶውሱ መነሻ ዲስኩን አጥቶ ሰማያዊ ስክሪን ላይ ይቆማል። ምርጫውን ወደ ነበረበት መመለስ አብዛኛውን ጊዜ ያስነሳዋል።

በሥራ ላይ ባለ ዊንዶውስ ላይ የተጨመረ ሁለተኛ ድራይቭ አለመታየቱ ከሁሉም ቀላሉ ነው። በመነሻ ምልክቱ ላይ በቀኝ ጠቅ አድርጎ ዲስክ ማኔጅመንትን ሲከፍቱ አዲሱ ድራይቭ ከታች በጥቁር መስመር ሥር፣ ያልተመደበ ቦታ ሆኖ ይገኛል፤ ጂፒቲ መርጦ ማስጀመር፣ ከዚያ ፎርማት አድርጎ ፊደል መስጠት ነው። ኤምቢአር ከ2 ቴራባይት በላይ ያለውን ቦታ ስለማያስጠቅም በአዲስ ድራይቭ ላይ የሚመረጥበት ምክንያት የለም። 1 ቴራባይት ተብሎ የተገዛው ድራይቭ በዊንዶውስ ላይ ወደ 931 ጊጋባይት ሆኖ ሲታይም የተሰረቀ ነገር የለም፤ አምራቹ በ1,000 ሲቆጥር ዊንዶውስ በ1,024 ስለሚቆጥር ነው።

ወደ ቦርዱ ልመለስ፣ ምክንያቱም ሁለተኛው ስሎትም የራሱ ዕዳ አለበት። ኤም.2 የቅርጽ ስም እንጂ የአሠራር ስም አይደለም፤ በዚሁ ቅርጽ የሚሸጡ፣ ሳታ በሚባለው የቆየና የዘገየ የዲስክ መገናኛ የሚሠሩ ድራይቮችም አሉ። ኤንቪኤምኢው ብዙ ጊዜ በጥርሶቹ መካከል አንድ ክፍተት ብቻ ሲኖረው ሳታው ሁለት አለው፤ ይሁን እንጂ ሁለት ክፍተት ያላቸው የፒሲአይኢ ድራይቮችም ስላሉ ከክፍተቱ ይልቅ የሞዴሉን ዝርዝር ማመን ይሻላል። አስቸጋሪው ነገር ባለ ሁለት ክፍተቱ ሳታ ድራይቭ ኤንቪኤምኢን ብቻ በሚያነብ ስሎት ላይም ያለ ምንም እንቅፋት ልክ ብሎ መግባቱ ነው። ይገባል፣ ይታሰራል፣ አይነበብም። በዚህ ቦርድ ላይ ሁለተኛው ስሎት ሁለቱንም ዓይነት ይቀበላል፤ የሳታ ኤም.2 ሲገጠምበት ግን በቦርዱ ጠርዝ ካሉት የሳታ መሰኪያዎች አንደኛው ይዘጋል፣ መስመሩን የሚጋሩ ናቸውና። ይህም በመመሪያው ግርጌ ላይ የተጻፈ ነው፤ አዲስ ኤም.2 ሲጨመር ትናንት ይሠራ የነበረ ሀርድ ዲስክ የጠፋበት ሰው ዲስኩን ከመቅበሩ በፊት ገመዱን ወደ ሌላ መሰኪያ ያዛውር።

ስለ ሳታ ገመድ ካነሳሁ አይቀር፣ ከሁሉ የማስጠነቅቀው የፓወር ሰፕላዩን ገመድ ነው። ገመዳቸው ተነቅሎ የሚሰካ ፓወር ሰፕላዮች በዲስኩ በኩል ያለው ጫፋቸው አንድ ዓይነት ቢሆንም፣ በፓወር ሰፕላዩ በኩል ያለው የፒን አደራደር ከአምራች አምራች፣ አንዳንዴም ከሞዴል ሞዴል ይለያያል። ከአሮጌው ፓወር ሰፕላይ የተረፈ ገመድ በአዲሱ ላይ ገጥሞ ሊሰካ ይችላል፤ 5 ቮልት በሚጠበቅበት ፒን 12 ቮልት ሲመጣ ግን ድራይቩ ከነመረጃው ይቃጠላል። አይነበብም የተባለው ድራይቭ ከዚያ በኋላ በእውነት አይነበብም።

እስካሁን ካልኋቸው አንዱም ካልሆነ፣ ድራይቩን በሌላ ኮምፒውተር ላይ ወይም በዩኤስቢ የሚሠራ የኤም.2 ማቀፊያ ውስጥ መሞከር ጥፋቱ የማን እንደሆነ ይለያል። ማቀፊያውም ለኤንቪኤምኢ የተሠራ መሆን አለበት፤ ለሳታ ብቻ የተሠራው ኤንቪኤምኢን አያነብም፣ እንዲያውም ደህናውን ድራይቭ የሞተ ያስመስለዋል። በማቀፊያው ከተነበበ ድራይቩ ጤነኛ ነውና ቦርዱ ላይ መመለስ ነው፤ አምራቹ ስለ ማከማቻ መነበብ ያወጣው የባዮስ ማሻሻያ ካለ መጫን፣ ቀጥሎም የስሎቱን ፍጥነት በራሱ እንዲመርጥ ከመተው ወደ ፒሲአይኢ 3.0 ዝቅ አድርጎ መሞከር ይቻላል። ዝቅ ሲደረግ የሚነበብ ድራይቭ በስሎቱ ወይም በመካከል ባለ ማራዘሚያ ላይ የመገናኘት ጉድለት እንዳለ ይጠቁማል። ሁለትና ከዚያ በላይ ኤም.2 በሚይዝ የፒሲአይኢ ካርድ ላይ የመጀመሪያው ብቻ ተነብቦ ሌሎቹ ከቀሩ ደግሞ፣ የስሎቱ 16 መስመሮች በአራት በአራት እንዲከፈሉ ባዮሱ ውስጥ መታዘዝ አለበት፤ ይህን የማይችል ቦርድ ላይ እንዲህ ያለው ካርድ ከአንድ ድራይቭ በላይ አያስነብብም። ከፕሮሰሰሩ መስመር የሚያገኝ ስሎት ብቻ ሳይነበብ የቺፕሴቱ ስሎት ካነበበ፣ ትውልዱም ትክክለኛ ከሆነ፣ የፕሮሰሰሩን ሶኬት መክፈት ያስፈልጋል፤ አንዲት የታጠፈች ፒን የአንድን ስሎት መስመር ብቻ ልትቆርጥ ትችላለች፣ ኮምፒውተሩም ሌላውን ሥራ ሁሉ እየሠራ ይቀጥላል።

ስለ ድራይቩ ራሱ የምለው ብዙ አይደለም፣ ከተነበበ በኋላ አላስቸገረምና። በሁለተኛው ስሎት ላይ የሚያገኘው ፒሲአይኢ 3.0 ባለ 4 መስመር ስለሆነ፣ በሳጥኑ ላይ ከተጻፈው 7,000 ሜጋባይት በተግባር የሚያገኘው ግማሹን፣ ማለትም በሰከንድ ወደ 3,500 ሜጋባይት ነው። ይህ የድራይቩ ጉድለት አይደለም፣ ገዢው ግን ለማይጠቀምበት ፍጥነት ከፍሏል ማለት ነው፤ 10ኛ ትውልድ ላይ የሚገጥም ሰው ፒሲአይኢ 3.0 የሆነውን ድራይቭ ቢወስድ ልዩነቱን አያየውም። ከሳታ የ550 ሜጋባይት ገደማ ፍጥነት ጋር ሲነጻጸር ግን ያም ቢሆን ሰፊ ልዩነት ነው፤ በተለይ ትልልቅ የቪዲዮ ፋይሎችን ለሚገለብጥ። በአንድ ጊዜ እጅግ ብዙ ፋይል ሲጻፍበት መጀመሪያ ፈጥኖ በኋላ ጋብ ይላል፣ ፈጣኑ ጊዜያዊ ማጠራቀሚያው ስለሚሞላ ነው፤ በዚህ ደረጃ ካሉ ድራይቮች የሚጠበቅ ነው። ሁለተኛው ስሎት ሂትሲንክ የለውም፣ ከግራፊክስ ካርዱም ሥር ይውላል፤ ለረጅም ሰዓት ከባድ ሥራ የሚሠራ ሰው ስስ ሂትሲንክ ለብቻው ገዝቶ ቢለጥፍበት ድራይቩ ሞቆ ፍጥነቱን ከመቀነስ ይድናል። የአምራቹ መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር ቀላል ነው፣ የድራይቩን ጤንነትና ሙቀት ያሳያል፣ ፈርምዌሩን (በድራይቩ ውስጥ ያለውን ፕሮግራም) ያድሳል፤ ከዚህ ሌላ ማስታወቂያ አይጭንም።

ቦርዱን 11ኛ ትውልድ ፕሮሰሰር ላለው ሰው ያለ ማመንታት እመክራለሁ፤ ሁለቱም ስሎቶች ይሠሩለታል፣ ድራይቩም በመጀመሪያው ስሎት ላይ ሙሉ ፍጥነቱን ያገኛል። 10ኛ ትውልድ ላለው ግን አንድ የኤም.2 ስሎት ብቻ ያለው ቦርድ እንደሚገዛ ቆጥሮ ይግዛ፤ ሁለት የኤም.2 ድራይቭ ለመግጠም ካሰበ ይህ ቦርድ አይሆነውም። ድራይቩን በሚመለከት፣ የሞዴል ቁጥሩና መለያ ቁጥሩ የተጻፈበትን ተለጣፊ ሂትሲንክ ለመግጠም ብሎ መላጥ አያስፈልግም። በአንዳንድ ድራይቮች ላይ ተለጣፊው ራሱ ሙቀት የሚያሰራጭ ስስ የመዳብ ንጣፍ አለበት፣ የሂትሲንኩ ሙቀት አስተላላፊ ንጣፍም ከተለጣፊው ላይ ይቀመጣል፤ የተላጠ እንደሆነ ደግሞ አምራቹ ዋስትናውን አልቀበልም ሊል ይችላል።